የባህል ጥበብ ተማሪ እንዳያጣ
(በሬዲዮ የተነገረ ንግግር)



በዛሬው ንግግራችን የምናነሣው ጉዳይ የሕዝብን ጥበብ ለመርዳትና የአባቶችን ባህል ለማስተማር በየአገሩ ስለሚቋቋሙ ማኅበራት ነው። ይህ ጉዳይ በብዙ ሰው ዘንድ የበዓል ቀን ነገር ብቻ ሆኖ ይታያል። ከበሮ ሲመታ፣ እስክስታ ሲወረድ፣ እንግዳ ሲቀበሉበት ይታወሳል፤ በዓሉ ሲያልፍ ደግሞ ይረሳል። እኛ ዛሬ ለማሳሰብ የምንወደው ግን፣ የባህል ጥበብ የሚኖረውም ሆነ የሚሞተው በበዓሉ ቀን አለመሆኑን ነው። የሚኖረው አንድ ዐዋቂ አንድን ልጅ አጠገቡ አስቀምጦ ሲያስተምር ነው፤ የሚሞተውም ያ ዐዋቂ ተማሪ አጥቶ ከዚህ ዓለም ሲለይ ነው። ስለዚህ የባህል ማኅበር ሥራ መመዘን የሚገባው፣ ስንት ጊዜ በመድረክ ታየ ተብሎ ሳይሆን ስንት ልጆች አስተማረ ተብሎ ነው እንላለን።

አስቀድመን ይህ ጥበብ ከትውልድ ቦታው ጋር ምን ያህል የተሳሰረ እንደ ሆነ እንመልከት። ዜማችን የሚመላለስባቸው አራቱ ቅኝቶች ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ለኔ ናቸው። ከእነዚህም ባቲና አምባሰል የወሎ አገር ስሞች ናቸው። እንግዲህ አዲስ አበባም ይሁን ዋሽንግተን ተቀምጦ በባቲ ቅኝት የሚዘፍን ሰው፣ ልብ ቢለውም ባይለውም በሰኞ ገበያዋ የታወቀችውን የአንዲት ከተማ ስም መጥራቱ ነው።

ከወሎ ወደ ደቡብ ወርደን የደራሼን ሕዝብ ብንመለከት ደግሞ፣ በጊዶሌ አካባቢ ፊላ የሚባል የትንፋሽ መሣሪያ እናገኛለን። የፊላ ጨዋታ በብዙ ነፊዎች የሚፈጸም ነው። አንዱ ነፊ የሚያወጣው አንድ ድምፅ ወይም ጥቂት ድምፆችን ብቻ ስለ ሆነ፣ ብቻውን ቢነፋ ዜማ አይሆንለትም። ዜማው የሚሞላው እያንዳንዱ ነፊ ተራውን ጠብቆ ድምፁን በቦታው ሲያስገባ ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው» የሚባለው ምሳሌ እንደ ፊላ በግልጽ የሚታይበት ሥራ እምብዛም አይገኝም። ይህንንም ጨዋታ አንድ መምህር በከተማ ክፍል ውስጥ ለአንድ ተማሪ ሊያስተምረው አይችልም። ሰው ሁሉ እንጀራ ፍለጋ ከመንደሩ ቢወጣ የሚጎድለው የነፊው ቊጥር ብቻ አይደለም፤ ከዜማው መካከል አንዳንድ ድምፅ እየተነቀለ ይሄዳል።

ጥንት ይህ ሁሉ ዕውቀት ከትውልድ ወደ ትውልድ ይተላለፍ የነበረው በምን መንገድ ነበር? ሥርዐት ያለው ትምህርት ነበረው፤ ነገር ግን ጥቁር ሰሌዳና ደወል አልነበረውም። የአዝማሪውን ልጅ እንውሰድ። በጎንደር አጠገብ ቡርቧክስ የምትባለው መንደር የአዝማሪዎች መንደር በመባል የታወቀች ናት። እንዲህ ባለ ቦታ የሚያድግ ልጅ ከአባቱ ወይም ከአጎቱ ጋር ከሠርግ ወደ ሠርግ እየዞረ ይማራል። ማሲንቆ አንድ አውታር ብቻ ያለው፣ አውታሩም ከፈረስ ጭራ የሚሠራ መሣሪያ ነው። ጣት የሚያርፍበት ቦታ ምልክት የለውም፤ ልጁ ያንን ቦታ የሚያገኘው በጆሮው እየፈለገ፣ በዓይኑም የአባቱን እጅ እየተከተለ ነው። ከዚህም በላይ አድማጩ «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ሲሰጠው ቃሉን ሳያዛንፍ ወዲያው መልሶ ማዜምን፣ ሰሙን ከወርቁ መለየትን፣ የቤቱን ጌታ ሳያስቀይሙ እውነቱን መናገርን ይማራል። ይህ ሁሉ በመጽሐፍ የሚገኝ ትምህርት አይደለም።

የሐረርም ስፌት እንዲሁ ነው። በጀጎል ግንብ ውስጥ ያለው ቤት ግድግዳው በስፌት ዕቃ ያጌጠ መሆኑን ያየ ሁሉ ያውቀዋል። ልጃገረዶች በአንዲት በዕድሜና በሙያ በበሰለች ሴት ቤት ተሰብስበው፣ ሣሩን መምረጥን፣ ማቅለምን፣ ጥለቱን ሳይስቱ ቊጥሩን መያዝን ይማሩ ነበር። ያ ቤት የስፌት ቤት ብቻ አልነበረም፤ ጨዋታም፣ ምክርም፣ የኑሮ ትምህርትም የሚገኝበት ነበር።

ዛሬ ግን ይህ የቀድሞው የትምህርት መንገድ ጠብቧል። ልጁ ወደ ዘመናዊ ትምህርት ቤት መሄዱ መልካም ነው፤ ማንም አስተዋይ ሰው ይህን አይነቅፍም። ነገር ግን ቀኑን በትምህርት ቤት የሚውል ልጅ ከአባቱ ጋር ሠርግ ለሠርግ ሊዞር አይችልም። ለገበያ የሚመጣው የፕላስቲክ ዕቃ የስፌቱንና የሸክላውን ዋጋ አውርዶታል። የድምፅ ማጉያውና የእጅ ስልኩ የአንድን ታዋቂ ዘፋኝ ድምፅ በየሠርጉ ስለሚያደርሱ፣ የመንደሩ አዝማሪ ጠሪ እያጣ ሄዷል።

ከእነዚህ ሁሉ የሚከፋ ሌላም ምክንያት አለ፤ እርሱም ንቀት ነው። በአገራችን ማሲንቆ የሚመታውን አዝማሪ ብሎ መስደብ፣ ብረት የሚቀጠቅጠውን፣ ሸማ የሚሠራውንና ሸክላ የምትሠራውን በክፉ ስም መጥራት የቆየ ደዌ ነው። ዳግማዊ አጤ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባስነገሩት ዐዋጅ የእጅ ሥራ የሚሠራውን ሰው መስደብ ከልክለው ነበር። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል፤ ሆኖም ደዌው ፈጽሞ ለቅቋል ብሎ ሊምል የሚችል ሰው ያለ አይመስለንም። በበዓል ቀን የምናጨበጭብለትን ሙያ በማግስቱ ለልጃችን ነውር ካደረግንበት፣ ያ ሙያ ተማሪ ከወዴት ሊያገኝ ነው? አባትየውስ ቢሆን፣ እርሱን ያሰደበውን ሥራ ለልጁ ለማውረስ እንዴት ልቡ ይነሣሣል?

እንግዲህ ማኅበራት የሚያስፈልጉት ለዚህ ነው። በዚህ ረገድ እስከ ዛሬ የተደረገውን ሥራ ስንመለከት የሚመሰገን ነገር ሞልቷል። ኢጣልያ አገራችንን ለመውረር በምትዘጋጅበት በሐምሌ ወር 1927 ዓ.ም. በአቶ መኰንን ሀብተ ወልድ አማካይነት የተቋቋመው የሀገር ፍቅር ማኅበር፣ ሕዝቡን በንግግር ብቻ ሳይሆን በዘፈንና በማሲንቆ ጭምር ያነቃቃ ነበር። ኋላም ቲያትር ቤት ሆኖ ለብዙ የጥበብ ሰዎች ቤት ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ1963 ደግሞ የግብፅ ተወላጅ የሆኑት የሙዚቃ ሊቅ ሀሊም ኤል-ዳብህ በአዲስ አበባ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን አቋቋሙ። በኋላም ቡድኑን ተስፋዬ ለማ መርተውታል። ከየአገሩ የመጡ ዐዋቂዎች ክራርን፣ ማሲንቆን፣ ዋሽንትን፣ በገናን፣ እምቢልታንና ከበሮን በአንድ መድረክ አስተባብረው አሰሙ፤ እ.ኤ.አ. በ1969ም ወደ አሜሪካ ተሻግረው የአገራችንን ዜማ አስተዋወቁ። ይሁን እንጂ ቡድኑ እ.ኤ.አ. በ1975 ፈረሰ። ቡድን በብዙ ምክንያት ሊፈርስ ይችላል፤ በሚፈርስበት ቀን ዕውቀቱ አብሮት የማይበተነው አስቀድሞ ተማሪ ካፈራ ብቻ ነው።

ከዚያም በደርግ ዘመን በየክፍለ ሀገሩ የኪነት ቡድኖች ተቋቋሙ። የወሎው ላሊበላ፣ የጎንደሩ ፋሲለደስ፣ የጎጃሙ ግሽ ዓባይ ስማቸው እስከ ዛሬ ይነሣል። ማሪቱ ለገሠ ከላሊበላ፣ ይሁኔ በላይም ከግሽ ዓባይ የወጡ ድምፃውያን መሆናቸው ይታወቃል። እነዚህ ቡድኖች በገጠር የነበረውን ዜማና ውዝዋዜ ወደ ከተማ መድረክ አወጡ፤ ብዙ ወጣቶችም እንጀራና ስም አገኙባቸው። ነገር ግን መድረክ የራሱ ጠባይ አለው። ሌሊቱን ሙሉ ይቆይ የነበረው የሠርግ ጨዋታ በመድረክ ላይ የጥቂት ደቂቃ ትርኢት ይሆናል። የአጨዳው፣ የለቅሶውና የሠርጉ ዜማ ሁሉ አንድ ልብስ ለብሶ ይቀርባል። ግጥሙም ጊዜው ለሚፈልገው መልእክት ሲባል ይለወጣል። ተመልካቹ የሚያየው የዛፉን አበባ ነው፤ ሥሩን ውሃ የሚያጠጣው ማን እንደ ሆነ ግን አይጠይቅም።

በአዲስ አበባ ያለው የያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ከፒያኖውና ከቫዮሊኑ ጋር ማሲንቆን፣ ክራርን፣ ዋሽንትንና በገናን በማስተማር ትልቅ አገልግሎት ሰጥቷል። ነገር ግን አንድ ትምህርት ቤት ምንም ቢተጋ የአገሩን ሁሉ ጥበብ በአንድ ግቢ ሊያስተምር አይችልም። ፊላን ከጊዶሌ ነቅሎ፣ የስፌቱን ቤት ከጀጎል አንሥቶ ወደ ዋና ከተማ ማምጣት አይቻልም። መምህሩና ተማሪው ባሉበት ቦታ የሚያስተምር የአገሩ ማኅበር ያስፈልጋል የምንለው ስለዚህ ነው።

የአንድ መምህርና የአንድ ተማሪ መገናኘት ምን ያህል ዋጋ እንዳለው በበገና ታሪክ እንመልከት። በገና ዐሥር አውታር ያለው መሣሪያ ነው። በአውታሩና በመቆሚያው መካከል የሚገቡት እንዚራ የተባሉ የቈዳ ቍራጮች ያንን የሚያስተክዝ ድምፅ ይሰጡታል፤ እንዚራውን በትክክለኛው ቦታ ማስቀመጥም በልምድ ብቻ የሚገኝ ሙያ ነው። አለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል የታወቁ የበገና መምህር ነበሩ። የሰፈራቸው ልጅ የነበሩት ዓለሙ አጋ በልጅነታቸው ከእርሳቸው ተማሩ፤ እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮም በያሬድ ትምህርት ቤት አስተማሪ ሆኑ። ከ1974ቱ የመንግሥት ለውጥ በኋላ ግን በገና ከሃይማኖት ጋር የተያያዘ በመሆኑ ከሬዲዮ ራቀ፤ በትምህርት ቤቱ ይሰጥ የነበረው ትምህርትም ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተቋረጠ። በዚያን ጊዜ በገና በሙዚየም አልጠፋም ነበር፤ እንጨቱም፣ ቈዳውም፣ አውታሩም ነበረ። ለጥፋት ተቃርቦ የነበረው በጣት ውስጥ ያለው ዕውቀት ነው። ያም ዕውቀት የተረፈው የተማሩት ጥቂት ሰዎች ስላልተዉት ነው። ዘመኑ ሲለወጥ እነዚህ ሰዎች እንደ ገና ማስተማር ጀመሩ፤ ዛሬም በግል አስተማሪዎችና በሰንበት ትምህርት ቤቶች ዘንድ በገና የሚማሩ ብዙ ወጣቶች ይገኛሉ። አለቃ ተሰማ ያንን የሰፈር ልጅ «ሂድ፣ ተጫወት» ብለው መልሰውት ቢሆን ኖሮ ምን ይቀር እንደ ነበር አድማጮች ገምቱት።

አንድ የአገር ቤት ማኅበር በትምህርት ላይ ቢበረታ ምን ሊያደርግ እንደሚችል ለማየት የሌላውንም አገር ልምድ መመልከት ይጠቅማል። በፊንላንድ አገር በምዕራብ በኩል ካውስቲነን የምትባል፣ 4,000 ያህል ነዋሪ ብቻ ያላት ትንሽ ወረዳ አለች። ሕዝቧ የገበሬ ሠርግ የሚያደምቁ ቫዮሊን መቺዎች የነበሩበት ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 የባህል ሙዚቃ በዓል ጀመሩ፤ በበዓሉ ግን አልቆሙም። በ1974 የሕዝብ ሙዚቃ ተቋም መሠረቱ። ከ1980ዎቹ ጀምሮ ደግሞ ማውኖ ያርቬላ የተባለው መምህር ልጆችን በብዛት ሰብስቦ፣ ታናሹን ከታላቁ ጋር አስቀምጦ፣ የመንደራቸውን ዜማ በጆሮ እያስያዘ ማስተማር ጀመረ። ሊመቱት የሚችሉትን ያህል ትንሽ ክፍል ለጀማሪዎች፣ ከባዱን ለበረቱት እየሰጠ ሁሉም በአንድነት እንዲጫወቱ አደረገ። የካውስቲነን የቫዮሊን አመታት በ2021 በዩኔስኮ መዝገብ ገባ። ልብ ልንለው የሚገባን፣ መዝገቡ የመጣው ልጆቹ ከተማሩ በኋላ መሆኑን ነው።

የእኛም አገር የባህል ቅርስን ስለ መጠበቅ እ.ኤ.አ. በ2003 የተደረገውን ዓለም አቀፍ ስምምነት በ2006 ተቀብላለች። የመስቀል በዓል በ2013፣ የሲዳማ ፍቼ ጫምባላላ በ2015፣ የኦሮሞ ገዳ ሥርዐት በ2016፣ የጥምቀት በዓል በ2019፣ የሐረር ሹዋሊድ በ2023 በዩኔስኮ መዝገብ ተጽፈዋል። ይህ የሚያኮራ ነው። ነገር ግን ያው ስምምነት ከመጠበቂያ መንገዶች አንዱ ለሚመጣው ትውልድ ማስተማር መሆኑን ይናገራል። መዝገብ የርስት ደብተር ነው፤ ደብተሩ ስላለ ብቻ ርስቱ አይታረስም።

ስለዚህ በየክልሉ፣ በየዞኑና በየወረዳው ያሉ የባህል ማኅበራት፣ ወይም ነገ የሚቋቋሙት፣ የሚከተሉትን ቢያስቡ እንወዳለን።

አንደኛ፤ ዐዋቂዎቹን ይፈልጉ፣ ስማቸውንም ይመዝግቡ። ማሲንቆ መቺው፣ እንጉርጉሮ ዐዋቂዋ፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ በገና ጠራቢው በየትኛው ቀበሌ እንዳሉ የማያውቅ ማኅበር ሥራውን ገና አልጀመረም።

ሁለተኛ፤ ለመምህሩ ደመወዝ ይቊረጡለት። ሽማግሌውን በዓመት አንድ ጊዜ ካባ አልብሶ ፎቶግራፍ ማንሣት አክብሮት ነው፤ ነገር ግን እራት አይሆነውም። በሳምንት ሁለት ቀን ለሚያስተምረው ጥቂት ብር በየወሩ ቢያገኝ፣ ሥራው እንደ ተከበረ እርሱም ልጁም ያውቃሉ። ንቀትን የሚያስወግደው ከምስጋናው ይልቅ ይህ ነው።

ሦስተኛ፤ ከትምህርት ቤት ጋር ይስማሙ። ልጁ ከመጽሐፉና ከማሲንቆው አንዱን እንዲመርጥ ሊገደድ አይገባውም። ከትምህርት ሰዓት በኋላ በዚያው ግቢ አንድ ክፍል ቢለቀቅላቸው ወላጅም አይሠጋም፤ ነውር ይባል የነበረው ሙያም በትምህርት ቤት አጥር ውስጥ በመገኘቱ ብቻ ክብር ያገኛል።

አራተኛ፤ የመሣሪያ ሠሪውን አይርሱ። የዋሽንት ትምህርት በአንድ ሸምበቆና በአራት ቀዳዳ ይጀመራል፤ ወጪው ከምንም አይቈጠርም። ማሲንቆና በገና ግን እንጨት መራጭ፣ ቈዳ ወጣሪና አውታር ሠሪ ይፈልጋሉ። መቺ ተምሮ ሠሪ ካልተማረ ትምህርቱ እኩሌታ ነው።

አምስተኛ፤ ድምፁንና ምስሉን ይቅረጹ። ዛሬ በእጅ ስልክ እንኳ መቅረጽ ይቻላል። ነገር ግን የባለሙያው ፈቃድ ይጠየቅ፤ ስሙ፣ የተቀረጸበት ቦታና ዓመተ ምሕረት፣ ዜማውም የአጨዳ ይሁን የሠርግ ወይም የለቅሶ ይጻፍ። ይህ ያልተጻፈለት ዜማ ወላጁ እንደማይታወቅ ልጅ ነው። ከቅጂው ገንዘብ ቢገኝም ባለሙያው ድርሻውን ያግኝ።

ምናልባት «ይህን ሁሉ ለማድረግ ገንዘብ ከወዴት ይመጣል?» የሚል አድማጭ ይኖር ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መንግሥት ድርሻውን መወጣት አለበት፤ ይህ የማይካድ ነው። ነገር ግን ማኅበር ማቋቋም ለአገራችን ሰው አዲስ ነገር አይደለም። ሟቹን የሚቀብርበት ዕድር አለው፤ የሚረዳዳበት ዕቁብ አለው፤ ሐረርም አፎቻ አላት። ሟችን በክብር ለመቅበር በየወሩ የሚያዋጣ ሕዝብ፣ ያልሞተውን ጥበብ ለማኖር ጥቂት ቢጨምር ከዐቅሙ በላይ አይሆንበትም።

ሌላው ደግሞ «ዘመን ተለውጧል፤ ልጆችን ወደ ኋላ ለምን እንመልሳቸዋለን?» ይል ይሆናል። ማስተማር ወደ ኋላ መመለስ አይደለም። የተማረ ልጅ ዜማውን ሊያሻሽል፣ ከአዲሱ መሣሪያ ጋር ሊያዋሕድ፣ ቢፈልግም ሊተወው ይችላል። ያልተማረ ልጅ ግን የሚያሻሽለውም የሚተወውም ነገር የለውም። እኛ የምንለምነው ልጁ እንዲመርጥ ከመጠየቁ በፊት እንዲያውቅ ብቻ ነው።

በስድስት ኪሎ ባለው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም ውስጥ የአባቶቻችን የሙዚቃ መሣሪያዎች በክብር ተቀምጠው ይታያሉ። መልካም ነው፤ ልጆቻችንም ሄደው ይዩዋቸው። ነገር ግን በመስተዋት ውስጥ ያለች ማሲንቆ ጣት የሚያርፍበትን ቦታ ለማንም አታሳይም። ያንን የሚያሳይ ሰው ዛሬ በየመንደራችን በሕይወት አለ፤ ዕድሜው ግን ገፍቷል። እንግዲህ አድማጮች ሆይ፤ በያላችሁበት አገር ይህን ሰው ፈልጉት። ስሙን ጠይቁ፤ ተማሪ እንዳለውም ጠይቁት። የለኝም ቢላችሁ፣ የባህል ማኅበራችሁ የመጀመሪያ ሥራ እርሱ ነው።

ለዛሬ ያሰብነው ይህ ነው።